አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፦ የነገሮችን ስም ሲጠይቁ የኖሩት ዓሊም

ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው አገር፣ ኸዋሪዝም በተሰኘው ምድር አንድ ጥያቄ የማይሰለቸው ልጅ ነበር። በዚያው አገር አንድ የሩም ሰው፣ ማለትም ግሪክኛ ተናጋሪ፣ መጥቶ ተቀምጧል። ልጁ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ወደዚህ ሰው ይመላለሳል። አንድ ቀን የእህል ፍሬ፣ ሌላ ቀን ዘር፣ ሌላ ቀን ቅጠል ይይዛል። እጁን ዘርግቶ ያሳየዋል፤ በሰውየው ቋንቋ ምን እንደሚባልም ይጠይቀዋል። መልሱን ሲሰማ ይጽፈዋል።

ልጁ አድጎ የእስልምናው ዓለም ካፈራቸው ታላላቅ የዒልም ሰዎች አንዱ ሆነ። ዕድሜው ከሰማንያ ካለፈ፣ ዐይኑና ጆሮው ከደከሙ በኋላ የመጨረሻ ኪታቡን ሲያዘጋጅ ያን የሩም ሰው አልረሳውም ነበር። በኪታቡ መግቢያ ላይ ታሪኩን አስፍሮታል። እኛም ያወቅነው በዚህ ምክንያት ነው። እኚህ ሰው አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ብዙዎቻችን አል-ቢሩኒን የምናውቃቸው በሒሳብና በሥነ ፈለክ ነው። ናንደና በተባለ ምሽግ አጠገብ ተራራ ላይ ወጥተው የምድርን ስፋት እንዴት እንዳሰሉ ያልሰማ ጥቂት ነው። ስማቸው ከዚያው አገር ከተገኙት ከአልጀብራው አል-ኸዋሪዝሚ ጋር የሚምታታበትም አለ፤ አል-ኸዋሪዝሚ ግን ከእሳቸው መቶ ዓመት በላይ የቀደሙ ናቸው። እዚህ የምናነሣው ሌላውን ገጻቸውን ነው። አል-ቢሩኒ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ቋንቋ ሲለቃቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድን ባዕድ ቃል እንዴት አድርጎ በትክክል መስማት፣ መጻፍና መያዝ እንደሚቻል እንደሳቸው የተጨነቀ ዓሊም ማግኘት ይከብዳል።

የተወለዱት በ362 ዓመተ ሂጅራ በወርሃ ዙልሒጃ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 973፣ ካሥ ከተባለችው የኸዋሪዝም ዋና ከተማ ወጣ ብላ ከምትገኝ ሰፈር ነው። ቢሩኒ የተባሉትም ለዚህ ነው፤ ቢሩን በፋርስኛ ውጭ ማለት ነው። ያች ከተማ ዛሬ በስማቸው ትጠራለች። ከገዢው ቤተሰብ የተወለዱት የሒሳብ ሊቅ አቡ ነስር መንሱር ኢብን ዒራቅ አስተማሯቸው።

የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኸዋሪዝምኛ ነበር። ከፋርስኛ ጋር የሚዛመድ፣ ዛሬ ግን ማንም የማይናገረው ቋንቋ ነው። ስለ ገዛ ቋንቋቸው የጻፉት ያስገርማል፤ ትንሽም ያሳዝናል። ዒልም በዚያ ቋንቋ ተጽፎ ቢገኝ አሸንዳ ላይ እንደወጣ ግመል፣ ወይም በምርጥ ፈረሶች መሐል እንደቆመ ቀጭኔ እንግዳ ሆኖ እንደሚታይ ነው የተናገሩት። ስለዚህ ወደ ዐረብኛና ወደ ፋርስኛ ተሻገሩ። በሁለቱም ቋንቋዎች ግን ራሳቸውን የሚቆጥሩት ከውጭ እንደገባና ታግሎ እንደሚናገር ሰው ነበር። ከሁለቱ ደግሞ ልባቸው ያደላው ወደ ዐረብኛ ነው። በፋርስኛ ከሚወደሱ በዐረብኛ ቢነቀፉ እንደሚመርጡ እስከመጻፍ ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዐረብኛ ከመቶ በላይ ኪታቦችና መልእክቶች የጻፉት ሰው፣ የዐረብኛን እያንዳንዱን ቃል እንደኛው ተምረው ያገኙት ነው። ዐረብኛ ለእኛ ከአፍ መፍቻችን ቀጥሎ የምንማረው ቋንቋ እንደሆነ ሁሉ ለአል-ቢሩኒም እንዲሁ ነበር። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቂርኣት ቤት የምንታገላቸው ድምፆች አሉ። ዐሊም በዐይን ሲነበብ ሁሉን ዐዋቂ ማለት ነው፤ አሊም በሀምዛ ሲነበብ ደግሞ የሚያም፣ የሚያሠቃይ ማለት ነው። ሁለቱም በቁርኣን ውስጥ ያሉ ቃላት ናቸው። በአማርኛ አፋችን ግን ልዩነታቸው ይጠፋል፤ ሁለቱ ፊደላት በፊደላችን ተለይተው ቢጻፉም በምላሳችን አንድ ሆነዋልና። ኡስታዙ ደጋግሞ የሚያስብለን ለዚህ ነው። አል-ቢሩኒም ወደ ሌላ ቋንቋ በገቡ ቁጥር መጀመሪያ የሚገጥማቸው ይኸው የጆሮና የምላስ ችግር ነበር።

ወጣትነታቸው በስደት የተሞላ ነው። በ995 በኸዋሪዝም በሁለት ገዢ ቤቶች መካከል ጦርነት ተነሣ። የመምህራቸው ዘመዶች ሥልጣናቸውን አጡ፤ አል-ቢሩኒም ከአገር ወጡ። በረይ ከተማ ተንከራተቱ፤ ከዚያም ወደ ጁርጃን ሄደው በአሚር ቃቡስ ቤት ተጠጉ። በዚያም በ1000 ገደማ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር፣ በዓላትና ታሪክ የያዘውን አል-ኣሣር አል-ባቂያ የተባለውን ኪታባቸውን ጻፉ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የፋርሶችን፣ የሶግዶችን፣ የአይሁዶችን፣ የሱርያንን፣ የግሪኮችን የወራት ስም አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። የገዛ አገራቸውን የኸዋሪዝምን ወራትና በዓላት ስምም ጨምረውበታል። ይህን ነገር አስታውሱት፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በኋላ ወደ ኸዋሪዝም ተመልሰው ጥቂት ዓመታት በሰላም ሠሩ። በ408 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1017፣ ሡልጣን መሕሙድ ኸዋሪዝምን ያዘና ዓሊሞቹን ወደ መናገሻ ከተማው ወደ ጘዝና ወሰዳቸው። ጘዝና ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። አል-ቢሩኒና መምህራቸው አቡ ነስር ከተወሰዱት መካከል ነበሩ። ሄዱ ከማለት ተወሰዱ ማለት ይሻላል።

ሡልጣኑ ወደ ህንድ በተደጋጋሚ ይዘምት ነበር። ዘመቻው ለብዙዎች ምርኮና ወርቅ ነበር። ለአል-ቢሩኒ ግን አዲስ ቋንቋ ይዞ መጣ። ዕድሜያቸው ከዐርባ አልፏል፤ ብዙ ሰው የተማረውን መርሳት በሚጀምርበት ጊዜ እሳቸው ሳንስክሪትን ከሀ ብለው ጀመሩ። ሰው በዚህ ዕድሜ ምን ቋንቋ ይገባዋል የምንል ሰዎች ይህን ልናስተውለው ይገባል።

ለምን እንደጀመሩት ራሳቸው ነግረውናል። አቡ ሰህል አት-ቲፍሊሲ ከተባሉ መምህር ጋር ሲጨዋወቱ ጨዋታው ሰዎች የሌላውን እምነት ሲጽፉ ምን ያህል እንደሚያዛቡ ወደማንሣት ሄደ። አንዱ ጸሐፊ የሙዕተዚላን አቋም በተሳሳተ መንገድ አስቀምጦት ኖሮ መምህሩ አዝነዋል። ከዚያም ስለ ህንዶች ተነሣ። በጊዜው በሙስሊሞች እጅ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አንዱ ከሌላው የገለበጠው፣ ማንም ከምንጩ ያላጣራው መሆኑን አል-ቢሩኒ አስረዱ። መምህሩም የሚያውቁትን እንዲጽፉ ጠየቋቸው። ነገሩ የቃላት ፍቅር ብቻ አልነበረም። ስለ አንድ ሕዝብ ያልተናገረውን ተናገረ ብሎ መጻፍ የሐሰት ምስክርነት ነው። የሰዎቹን ቃል ሳያውቁ ደግሞ የሰዎቹን ሐሳብ በእውነት ማድረስ አይቻልም።

የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ መማር ለሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ዘይድ ኢብን ሣቢትን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውት በአጭር ቀናት ውስጥ ማወቁ በሐዲሥ ተዘግቧል። ምክንያቱም የሚጻጻፉትን በታመነ ሰው እጅ ለማጻፍና ለማስነበብ ነበር። ቁርኣንም የሰው ልጆችን ቋንቋ መለያየት ከአላህ ተኣምራት አንዱ አድርጎ ያነሣዋል። አል-ቢሩኒ በዚህ መንገድ ላይ የሄዱ ናቸው፤ መንገዱ ግን ለሳቸው በጣም ረጅም ነበር።

ስለ ህንድ በጻፉት ኪታብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ችግራቸውን ሳይደብቁ ዘርዝረዋል። አንድ ታላቅ ዓሊም ይህ ቋንቋ ከበደኝ ብሎ ሲጽፍ ማንበብ ለማንኛውም ተማሪ ደስ ይላል። በመጀመሪያ የቃላቱ ብዛት ነው። ሳንስክሪት እንደ ዐረብኛ ሁሉ አንዱን ነገር በብዙ ስሞች ይጠራል፤ አንዱን ቃል ደግሞ ለብዙ ነገሮች ያውለዋል። አንዱን ትርጉም ከሌላው ለመለየት ከፊትና ከኋላ ያለውን ሁሉ ማጤን ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ቋንቋው በሁለት ይከፈላል፤ ተራው ሕዝብ በገበያ የሚነጋገርበት አለ፤ ሊቃውንት ብቻ የሚያውቁት፣ ሰፊ ሰዋስው ያለው ደግሞ አለ። አንዱን ያወቀ ሌላውን አወቀ ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ በዐረብኛም በፋርስኛም የሌሉ ድምፆች አሉት፤ ምላስ አይታዘዝላቸውም፤ ጆሮም እርስ በርሳቸው አይለያቸውም።

የሁሉም መራራ ይህ ይመስለኛል። አል-ቢሩኒ ከህንዶች አፍ አንድ ቃል ይሰማሉ። በጥንቃቄ ይጽፉታል፤ ያጣሩታል። ከዚያ የጻፉትን መልሰው ለሰዎቹ ሲያነቡላቸው ሰዎቹ ቃሉን ለመለየት ይቸገራሉ። ይህ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ሪያድ ወይም ዱባይ የሄደች እኅታችን በአንድ ወር ውስጥ የማንኪያውን፣ የመጥረጊያውን፣ የድስቱን ስም ትይዛለች፤ ነገሩ እጇ ላይ ነውና። ሱቅ ወርዳ ቃሉን ስትናገረው ግን ባለሱቁ ግራ ይጋባል፤ ደግማ ደጋግማ ብላው በመጨረሻ በጣቷ ትጠቁማለች። ቃሉን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ አንዲት ድምፅ ናት የጎደለቻት። አል-ቢሩኒ ይህን ጉድለት እንደ ነውር አላዩትም። የጻፉትን መልሶ በባለቤቱ ጆሮ የመፈተን ልማድ ነበራቸው፤ ቃሉ ተመዝኖ ካላለፈ ገና እንዳልተያዘ ይቆጥሩታል።

ከጽሑፍ በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባቸው። የህንድ ገልባጮች ግድ የለሽ በመሆናቸው አንድ መጽሐፍ አንድ ሁለት ጊዜ ከተገለበጠ በኋላ የማይታወቅ ሆኖ ይበላሻል። መጽሐፎቹ ለማስታወስ እንዲመቹ በግጥም የተጻፉ መሆናቸውም ከባድ ነበር። ግጥም ለሐፍዝ ይመቻል፤ እኛም ነሕውን በግጥም የምንይዘው ለዚህ ነው። ለባዕድ ተማሪ ግን ግጥም ቤት ለመምታት የገባው ትርፍ ቃልና ዋናው ቃል አይለይለትም።

በዚህ ላይ የሚያስቅም የሚያስገርምም ነገር አለ። የህንድ የሥነ ፈለክ ሰዎች ሠንጠረዦቻቸውን ሳይቀር በግጥም ያስቀምጡ ነበር። ቁጥር ግን በስሙ ሲጠራ ግጥሙን ያፈርስባቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩን በነገር ስም ይተኩታል። ጨረቃና ምድር አንድ አንድ ናቸውና አንድ ሲፈልጉ ጨረቃ ወይም ምድር ይላሉ። ዐይን ሁለት ነውና ለሁለት ዐይን ይላሉ። ለዜሮ ሰማይን፣ ለዐሥራ ሁለት ደግሞ ፀሐይን ያነሣሉ። ችግሩ ጨረቃ በሳንስክሪት አንድ ስም ብቻ የላትም፤ ብዙ ስሞች አሏት፤ ሰማይም እንዲሁ። የጨረቃን ስሞች በሙሉ ያልያዘ ሰው አንድን ተራ ቁጥር ማንበብ አይችልም ማለት ነው። አል-ቢሩኒ እነዚህን ስሞች ሰብስበው ከየቁጥራቸው ጋር በዝርዝር አስቀምጠዋቸዋል። ዝርዝሩን ያየ ሰው እኚህ ሰው ስንት ሌሊት ተቀምጠውበት ይሆን ማለቱ አይቀርም።

ቃል ሲበላሽ ምን እንደሚከተል ለማሳየት ያቀረቡት ምሳሌ ደግሞ አለ። አርያብሃታ የተባለ ትልቅ የህንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ቀደምት የዐረብኛ ጸሐፊዎች ስሙን ሲሰሙ የሰው ስም መሆኑ ጠፋቸው፤ የሥሌት ስያሜ፣ የአንድ ሺህኛ ክፍል መጠሪያ መሰላቸው። በስሙ ውስጥ ያለችው አንዲት ድምፅ በህንዶች አፍ በዳልና በራእ መካከል ያለች ናት። ሰሚው ራእ አደረጋትና አርጀብሀር ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ገልባጭ የመጀመሪያዋን ራእ ዛይ አደረጋት፤ በዐረብኛ ጽሕፈት ሁለቱን የሚለያቸው ከላይ የምትደረግ አንዲት ነጥብ ናትና። አዝጀብሀር ሆነ። እንዲህ ለብሶ ወደ አገሩ ቢመለስ የአገሩ ሰዎች እንደማያውቁት አል-ቢሩኒ ይናገራሉ። አንድ ሊቅ በአንዲት ነጥብና በአንዲት ድምፅ ምክንያት ስሙን አጣ፤ ሰውነቱን አጥቶም መለኪያ ሆነ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሐል እንዴት ተማሩ? ገንዘባቸውን ሳይሰስቱ የሳንስክሪት መጻሕፍትን ይገኙባቸዋል ከተባሉ ስፍራዎች ሰበሰቡ፤ የሚያስረዷቸውን ሊቃውንትም ከሩቅ አፈላለጉ። በዘመናቸው በዚህ ፍላጎት ብቻቸውን እንደነበሩ ጽፈዋል። ወደ ፐሻዋር፣ ወደ ሲያልኮት፣ ወደ ሙልታንና ወደ ሌሎች ከተሞች በሄዱበት ሁሉ የቦታውን ኬክሮስ ይለካሉ፤ ሰዉን ይጠይቃሉ። በህንድ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፊት በመጀመሪያ የተቀመጡት እንደ ተማሪ ነበር። ቋንቋው ትንሽ ሲገባቸው ሥሌቶቹ የተመሠረቱባቸውን ምክንያቶች ያብራሩላቸው ጀመር። ሰዎቹ ተደነቁ፤ ይህን ከየትኛው የህንድ ሊቅ እንደተማሩት ጠየቋቸው፤ ጠንቋይ የመሰሏቸውም ነበሩ። አል-ቢሩኒ ይህን ሲተርኩ ትንሽ ኩራት አይጠፋባቸውም። ይሁንላቸው።

ቃል ለመያዝ ከመስማትና ከመጻፍ በላይ የሚረዳው በቃሉ መሥራት ነው። እሳቸውም አነበብኩ ብለው አላቆሙም። የሳምክህያንና የፓታንጃሊን መጻሕፍት ከሳንስክሪት ወደ ዐረብኛ መለሱ። በሌላ አቅጣጫም ሄዱ፤ የኡቅሊዲስን የጂኦሜትሪ መጽሐፍና የበጥሊሙስን አል-መጂስጢ ለህንዶች ወደ ሳንስክሪት ለመተርጎም፣ ስለ አስጡርላብ የሚያስረዳ ጽሑፍም ሊያስጽፏቸው ደከሙ። ገና በቅጡ ባልያዙት ቋንቋ ሌላውን ለማስተማር መድፈር ቀላል ነገር አይደለም። ህንዶቹ ትርጉሙን ተቀብለው በልማዳቸው ወደ ግጥም ሲቀይሩት መልሶ የማይገባ እንደሚሆንባቸውም ያማርራሉ።

ስለ ህንድ የጻፉትን ኪታብ በ421 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1030፣ ሡልጣን መሕሙድ በሞተ ሰሞን ጨረሱት። ሰማንያ ምዕራፎች አሉት። በመግቢያው አንባቢውን ያዘጋጁታል፤ የህንድን ቃል መጀመሪያ በራሱ ስም አንድ ጊዜ ይጠሩታል፤ በዐረብኛ ልክ የሚተካከለው ካለ ከዚያ በኋላ በዐረብኛው ይቀጥላሉ፤ ከሌለ ቃሉን እንዳለ አስረድተው ይይዙታል። የህንዶችን እምነት ሲያቀርቡ እንደ ሙስሊም የማይቀበሉትን እንኳ እንደ ባለቤቶቹ አነጋገር ነው የሚያስቀምጡት። ኪታቡ የክርክር ኪታብ እንዳልሆነም ገና በመግቢያው ተናግረዋል።

ከዚያ በኋላ በሡልጣን መስዑድ ዘመን አል-ቃኑን አል-መስዑዲ የተባለውን ግዙፍ የሥነ ፈለክ ኪታብ ጻፉ። ሡልጣኑ ለሽልማት አንድ ዝሆን ጭነት ብር ልኮላቸው እንደማያስፈልጋቸው ተናግረው መለሱት ተብሎ ይተረካል። ስለ ማዕድናትና ስለ ዕንቁዎችም ጽፈዋል፤ እዚያም የየዕንቁውን ስም በየቋንቋው መፈለግ አልተውም።

እርጅና ሲመጣ ወደ ልጅነታቸው የዘርና የቅጠል ነገር ተመለሱ። የመጨረሻ ሥራቸው ኪታብ አስ-ሰይደና ነው፤ ስለ መድኃኒቶች የሚናገር። ዐይናቸው ደክሞ ስለነበር አን-ነህሸዒ የተባለ ሐኪም አገዛቸው። ኪታቡ በፊደል ቅደም ተከተል የተዘጋጀ ነው። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዕፅዋትና መድኃኒቶች በዐረብኛ፣ በግሪክኛ፣ በሱርያንኛ፣ በፋርስኛ፣ በህንድ ቋንቋዎችና በሌሎችም ያላቸውን ስም አንድ ላይ ይሰጣል። ዛሬ ባለብዙ ቋንቋ መዝገበ ቃላት የምንለው ነው። ከሳቸው በፊት በክርስቲያን ሐኪሞች እጅ አራት ስም የሚባል መጽሐፍ እንደነበረ፣ እያንዳንዱን መድኃኒት በአራት ቋንቋ እንደሚጠራም በመግቢያቸው ጠቅሰዋል።

የመድኃኒት ስም ጨዋታ አይደለም። ዐረብኛ ጽሕፈት ያማረ ነው፤ አል-ቢሩኒም ይወዱታል። ነገር ግን ባእ፣ ታእና ሣእ በቅርጽ አንድ ሆነው በነጥብ ብቻ ይለያሉ፤ አጭር አናባቢዎቹም ብዙ ጊዜ አይጻፉም። የሚያውቀውን የዐረብኛ ቃል የሚያነብ ሰው ነጥቡ ቢጎድልም ይገምተዋል። ሰምቶት የማያውቀውን የግሪክ ዕፅ ስም ግን በምን ይገምተዋል? ገልባጩ ነጥቡን ቢያዛንፍ ሐኪሙ ሌላ ዕፅ ያዛል፤ ቀማሚው ሌላ ይቀምማል፤ የሚጠጣው በሽተኛው ነው። የዲዮስቆሪደስና የጃሊኑስ መጻሕፍት በዐረብኛ እያሉ በውስጣቸው ባሉት የግሪክ ስሞች መተማመን አለመቻሉን አል-ቢሩኒ በምሬት ጽፈዋል። በልጅነታቸው ዘሩን ይዘው ወደ ሩሙ ሰው የሄዱበትን ነገር ያነሡትም በዚህ ቦታ ነው። ዕፁን እያየ፣ ስሙን ከባለቤቱ አፍ የሰማ ሰው የገልባጭ ነጥብ አያታልለውም።

ኪታቡ ከረቂቅ አልፎ በወጉ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ወደ እኛ የደረሰው በቱርክ አገር በቡርሳ ከተማ በተገኘ የእጅ ጽሑፍ በኩል ነው።

ስለ ኸዋሪዝምኛ እንመለስበታለን ብለን ነበር። አል-ቢሩኒ ዒልም የማይሸከም ያሉት ያ ቋንቋ ከሳቸው በኋላ ጥቂት መቶ ዓመታት ኖሮ ሞተ። ተናጋሪዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ቱርክኛ ዞሩ። ዛሬ ቋንቋውን የሚያጠኑ ሰዎች እጃቸው ላይ ያለው ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንዱ ደግሞ የሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ስደተኛ በጁርጃን ተቀምጦ የመዘገበው የወራትና የበዓላት ስም ነው። የናቁት ቋንቋ ነበር ማለት ያስቸግራል፤ የናቁትን ማን ይመዘግባል?

ያረፉት በጘዝና ነው። ብዙ መጻሕፍት ዘመኑን 440 ዓመተ ሂጅራ፣ 1048፣ ይሉታል። በመጨረሻ ኪታባቸው ከሰማንያ ማለፋቸውን ራሳቸው ስለተናገሩ ግን ከዚያ አንድ ሁለት ዓመት ሳይጨምሩ አልቀሩም።

የመጨረሻ ሰዓታቸውን ያቁት አል-ሐመዊ ዘግበውታል። ፈቂሁ አቡል ሐሰን አል-ወልዋሊጂ ሊጠይቋቸው ገቡ። አል-ቢሩኒ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነበር። እንግዳውን እንዳዩ ቀደም ሲል ያነሡላቸውን አንድ የውርስ ጉዳይ አስታወሱና ጠየቋቸው፤ በፊቅህ ጀዳት ፋሲዳ ስለሚባሉት፣ እንደ የእናት አባት እናት ስላሉት ሴት አያቶች ሒሳብ። ፈቂሁ አዘኑላቸው፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ይህን መጠየቅ ምን ያደርግልዎታል በሚል ስሜት አመነቱ። አል-ቢሩኒ ጉዳዩን ዐውቀው ዱንያን ቢሰናበቱ ሳያውቁት ከመሰናበት እንደሚሻል ነገሯቸው። ፈቂሁም ጉዳዩን ደግመው አስረዷቸው። አል-ቢሩኒ ሰምተው ያዙት፤ እሳቸውም በፊት ቃል የገቡላቸውን አንድ ነገር አስተማሯቸው። ፈቂሁ ተሰናብተው ወጡ። መንገድ ላይ ሳሉ ከቤቱ የልቅሶ ድምፅ ሰሙ።